ከ5,000 ተከታይ በላይ

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን ቢያስቀርም፣ ጋዜጣ ለማውጣት ፈቃድ፣ የወረቀት ገንዘብና የማተሚያ ቤት ወረፋ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ስልክ ይበቃል። ታዲያ ሚዲያው ዴሞክራሲያዊ ሆነ ማለት ነው? እኔ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ።

በሩ ሰፍቷል፤ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው እጅ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘግተው ነበር። ቪፒኤን መጠቀም የሚችለው ቀጠለ፣ ሌላው ዝም አለ።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሕጉ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ድርጊቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ፣ ልክ በብሮድካስት ወይም በጋዜጣ እንደተፈጸመ ቆጥሮ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይጥላል። በተጠያቂነት ረገድ ግለሰቡ ጋዜጣ ሆኗል። ዋና አዘጋጅ ግን የለው፣ የሕግ አማካሪ የለው፣ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት «ይህቺን አውጣት» የሚለው ባልደረባ እንኳ የለው (ይህቺ ቃል ስንቱን ከፍርድ ቤት አድናለች!)።

ስሙ የጠፋውስ? ጋዜጣ ቢሆን ምላሹ እንዲወጣለት ይጠይቃል፣ ካልሆነም በፍትሐ ብሔር ይከሳል። የብዕር ስም ይዞ በሺዎች ሲቀባበሉት ያደረን ጽሑፍ ግን መጥሪያው ለማን ይድረስ?