የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊና የኮምፒዩተር ክፍል

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። እንግዲህ በባሌ ደጋ፣ በጎባም ሆነ በሮቤ፣ መሣሪያውን በፈተናው ዕለት መጀመሪያ የሚነካ የገበሬ ልጅ ዕውቀት ሳያንሰው እጁ ይዘገይበታል።

እንዳይበላሽ ተብሎ የተቈለፈበት ኮምፒዩተር ካልተገለጠ መጽሐፍ አይሻልም። ቁልፉን ለመያዝ የሚገባው የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ነው፤ ተራ መመደብን፣ በመዝገብ መጻፍን፣ ጀማሪውን መምራትን፣ ጽሑፉ የማን እንደ ሆነ መመርመርን በመጻሕፍቱ ለምዶታልና። ነገር ግን «የፈረምሁበት ንብረት ቢበላሽ እጠየቃለሁ» ብሎ የሚፈራ ሰው በሩን አይከፍትም። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ኀላፊነቱን ይካፈለው፤ የጥገናውንም ወጪ አስቀድሞ ያስብለት። በአገልግሎት ያረጀ መሣሪያ ልጆችን አስተምሯል፤ በቁልፍ ውስጥ ያረጀው ግን ማንንም አልጠቀመም።