ቮልቴጅ ሬጉሌተር፦ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለስልክዎ ስንት ቮልት እንደሚያስፈልግ በምን ያውቃል?

የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልባቸው የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው 'ስታቢላይዘር' አብሮ ቢገዛ አያስገርምም። መሣሪያው ያልተረጋጋውን ኃይል ተቀብሎ፣ ማቀዝቀዣው የሚችለውን መጠን ብቻ ያሳልፋል።

በየሰው ኪስ ያለው ስልክም ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ በርካታ ጥቃቅን መሣሪያዎች በውስጡ አሉት። ቮልቴጅ ሬጉሌተር ይባላሉ።

የስልክ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ከ4 ቮልት በላይ ይሰጣል። ለፕሮሰሰሩ ግን 1 ቮልት ገደማ ይበቃዋል። ፈጣን ሚሞሪ ካርድ ደግሞ ከስልኩ ጋር መረጃ መለዋወጥ የሚጀምረው በ3.3 ቮልት ሲሆን፣ ፍጥነቱን ሲጨምር ወደ 1.8 ቮልት ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚመጥነውን ማደል የሬጉሌተሮቹ ድርሻ ነው።

ሬጉሌተሮቹን የሚያዘው 'ከርነል' ነው፤ ይህም የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነና በፕሮግራሞችና በሃርድዌር መካከል ያለውን ሥራ የሚመራ ሶፍትዌር ነው። አንድሮይድ የተገነባው ሊኑክስ በተሰኘው ከርነል ላይ ነው።

ቮልቴጅን ዝቅ ማድረግ ለምን ይጠቅማል?

የፕሮሰሰር ትራንዚስተሮች ሲበሩና ሲጠፉ የሚፈጁት ኃይል የሚያድገው በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ነው። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 0.9 ቢወርድ፣ ማለትም በሩብ ቢቀንስ፣ ይህ ፍጆታ በ44 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስልኩ ሥራ ሲያንሰው ከርነሉ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርገው ባትሪው እንዲበረክት ነው።

ከርነሉ የማያየው

ፍላሽ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ምን እንደሆነ ራሱ ያስታውቃል። ሬጉሌተር ግን ከወዲያኛው ጫፍ ምን እንደተያያዘ አያውቅም። አንድ ዓይነት ቺፕ በአንዱ ስልክ ካሜራውን፣ በሌላው ስክሪኑን ሊመግብ ይችላል። ቺፑ 3.3 ቮልት መስጠት መቻሉም ተቀባዩ ያን ያህል ይችላል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ለከርነሉ ጽፎ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ማዕቀፍ ወደ ሊኑክስ የገባው በ2008 በወጣው 2.6.27 ቅጂ ነው። መረጃው ዛሬ በብዛት የሚሰፍረው ደግሞ 'ዲቫይስ ትሪ' በሚባል፣ የስልኩን ሃርድዌር አንድ በአንድ በሚዘረዝር ጽሑፍ ላይ ነው።

ለአንድ ሬጉሌተር በዋናነት የሚጻፉት ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ ሊሰጥ የሚፈቀድለት ዝቅተኛና ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ስልኩ ሲነሣ ቀድሞ በርቶ እንደሚገኝ እና ፈጽሞ መጥፋት የሌለበት እንደሆነ። ከርነሉ የነጥብ ቁጥሮችን ስለሚያስወግድ መጠኑ የሚሰፍረው በማይክሮቮልት፣ በቮልት ሚሊዮንኛ ነው። ለሚሞሪ ካርዱ ዝቅተኛው 1800000፣ ከፍተኛው 3300000 ተብሎ ይጻፋል።

ቁጥሩ ቢሳሳትስ?

ከፍተኛው ወሰን 1800000 መሆን ሲገባው 3300000 ተብሎ ቢጻፍ፣ ከርነሉ ከልካይ የለውም፤ ክፍሉ ሊቃጠል ይችላል። የሶፍትዌር ስህተት በአብዛኛው ስልኩን አጥፍቶ በማብራት ይስተካከላል፤ የተቃጠለ ቺፕ ግን አይመለስም።

የመዘንጋትም ዋጋ አለው። ስልኩ ከተነሣ ከ30 ሰከንድ ገደማ በኋላ ከርነሉ ማንም አልተጠቀመባቸውም ያላቸውን ሬጉሌተሮች ያጠፋል። ሚሞሪውን የሚመግበው ሬጉሌተር 'አይጥፋ' ካልተባለ ስልኩ በዚያው ደርቆ ይቀራል።

የማዕቀፉ አዘጋጆች ጥንቃቄን መርሕ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። ከርነሉ ለዚያ ስልክ አደጋ እንደሌለው በግልጽ ካልተነገረው በቀር የሬጉሌተሩን ሁኔታ አይነካም።

ጉዳዩ የደኅንነትም ነው። በ2017 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከርነሉን የተቆጣጠረ ሰው የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና ቮልቴጅ ከወሰን በማሳለፍ፣ ኔክሰስ 6 ስልክ በተጠበቀ ክፍሉ የያዘውን የምሥጢር ቁልፍ ማውጣት እንደሚችል አሳይተዋል።

የድሮ ስልክ ዕድሜ

የአምራቹ ድጋፍ ሲያበቃ ስልኩ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም። በ2017 የተጀመረው ፖስትማርኬትኦኤስን የመሰሉ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክቶች እንዲህ ያሉ ስልኮችን በአዲስ የሊኑክስ ከርነል ለማስነሣት ይሠራሉ። ስልክ ለዓመታት በሚያገለግልበትና ከእጅ ወደ እጅ በሚሸጋገርበት አካባቢ የዚህ ፋይዳ ቀላል አይደለም።

ሆኖም ባለሙያዎቹ ያለ ቮልቴጅ ቁጥሮቹ መራመድ አይችሉም። የሊኑክስ ፈቃድ ከርነሉን ለሌላ የሚያስተላልፍ ኩባንያ የቀየረውን ኮድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ኮዱ በተገኘበት ቁጥሮቹን ከዚያ መውሰድ ይቻላል። ባልተገኘበት ግን ያለው አማራጭ ከሚሠራ ስልክ ላይ አንብቦ ወይም በመሣሪያ ለክቶ ማውጣት ነው፤ በግምት መሙላት ግን የቀረውን አንድ ስልክ ሊያቃጥል ይችላል።