«ምን አለ?» ለሚሉ እናቶቻችን፦ ስለ መሐሉ ስፒከር

አምና ሰሊጡ እንደተሸጠ የአክስቴ ልጅ መተማ ዮሐንስ ላለው ቤታቸው ሆም ቴአትር ገዛ፤ አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ። እሁድ ማታ አብረን ፊልም ለማየት ተሰበሰብን። ቤዙ የጣራውን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጣል። አክስቴ ጥግ ካለው አልጋ ላይ ተቀምጠው በየደቂቃው «ምን አለ?» ይላሉ። ልጃቸው ድምፅ ሲጨምር ሙዚቃው ይጮሃል፣ ንግግሩ ግን ያው ነው። በመጨረሻ «ጆሮዬ ደክሟል መሰለኝ፣ እናንተ እዩ» ብለው ተነሥተው ወጡ።

አንጀቴ ተላወሰ። ጆሯቸው ምንም አልሆነም። ሴንተሩ፣ ማለትም የመሐሉ ስፒከር፣ ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጦ ነበር።

5.1 በሚባለው በዚህ የአምስት ስፒከርና የአንድ ቤዝ አሠራር የግራና የቀኙ ስፒከሮች በዋናነት ሙዚቃውንና የአካባቢውን ድምፅ ይይዛሉ፤ የኋላዎቹ ሁለቱ ዙሪያችንን ይሞላሉ፤ ቤዙ ነጎድጓዱን ይሠራል። የሰው ንግግር ግን አብዛኛው ለመሐሉ ብቻ ይሰጣል። እሱን ከሸፈናችሁት የሸፈናችሁት የተዋናዩን አፍ ነው።

«ግራና ቀኝ ካለኝ መሐሉ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል። ከሁለት ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ሲወጣና እናንተ ልክ መሐል ስትቀመጡ፣ ድምፁ ከመሐል የመጣ ይመስላል። ትንሽ ወደ ጎን ስትሉ ግን ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ይከተላልና ንግግሩ ወደሚቀርባችሁ ስፒከር ይሸሻል። የኛ ቤት ደግሞ ዘመድና ጎረቤት ግድግዳውን ተከትሎ የሚቀመጥበት ነው። መሐል የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነው፤ ሴንተር የሚያስፈልገው ጥግ ለተቀመጠው ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1933 የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች የፊላደልፊያን ኦርኬስትራ ዋሽንግተን ለተቀመጠ አድማጭ ሲያሰሙ የተጠቀሙት ሦስት መስመር ነበር፦ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ። ሲኒማ ቤቶችም የመሐሉን ስፒከር ጥቃቅን ቀዳዳ ካለው ሸራ ኋላ ያቆሙታል፤ ድምፁ ከተዋናዩ አፍ እንዲወጣ።

አማርኛችን ደግሞ ጥራት ይፈልጋል። «ከሰሰ» እና «ቀሰሰ»ን የሚለየው በቅጽበት ፈንድቶ የሚጠፋ አንድ ድምፅ ነው። የሲሚንቶው ግድግዳ ያስተጋባል፤ መተማ ላይ መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንቲሌተር ማጥፋት አይታሰብም። በዚህ መሐል መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ድምፅ ነው።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው፦

1. ሴንተሩን አውጥተን ከቲቪው ሥር፣ ቡፌው ጠርዝ ላይ አስቀመጥነው። ከፊቱ ሥር የታጠፈ ካርቶን ከትተን ወደ ተቀማጩ ጆሮ ቀና አደረግነው።

2. ሽቦውን አየን፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ድምፁም ይሳሳል።

3. በሆም ቴአትሩ ማሽን ሜኑ የሴንተሩን ድምፅ ብቻ በ3 ዴሲቤል ጨመርን። ርቀቱንም በሜትር ለክተን አስገባን፤ ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል።

4. ከዲሽ የሚመጣው የሀገራችን ቴሌቪዥን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት መስመር ነው። ማሽኑ «ስቴሪዮ» ላይ ከሆነ ሴንተሩ ዝም ይላል። «ፕሮ ሎጂክ» ካለው እሱን ምረጡ፤ ግራና ቀኝ የሚጋሩትን ድምፅ ለይቶ ወደ መሐል ያመጣል።

ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ፣ በጎኑ የተጋደመና ከትንሿ ስፒከር ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ያለው ሴንተር ከሆነ፣ ሱቁ ውስጥ ወደ ጎን ቆማችሁ ስሙት። የሁለቱ ድምፅ ለጎን አድማጭ እኩል ስለማይደርስ ከፊሉን ያጠፋፋል፣ ንግግሩም ይቀጥናል። ከግራና ቀኙ ጋር አንድ ዓይነት ሥሪት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ተዋናዩ ከወዲያ ወዲህ ሲራመድ ድምፁ እንዳይለወጥ።

በሚቀጥለው እሁድ ድምፁን ከቀደመው እሁድ ዝቅ አድርገን ፊልም ከፈትን። ቬንቲሌተሩ ይዞራል። አክስቴ ከዚያው ጥግ፣ ከዚያው አልጋ ላይ ሆነው በአንድ ቀልድ ከሁላችንም ቀድመው ሳቁ።

ዛሬ ማታ ቲቪ ስትከፍቱ እናታችሁ የሚቀመጡበት ቦታ ሄዳችሁ ተቀመጡና አዳምጡ። ማስተካከል ከዚያ ይጀመራል።