ሽምብራ፣ ሩዝና የዱባ አበባ፦ ከፎገራ ሜዳ ወደ ዘይት መጥበሻ

በዘይት ተነክሮ የሚጠበስ ምግብ ሲነሳ በወረታ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ቀድመው የሚታወሱት ሳንቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲና የድንች ጥብስ ናቸው። ከድንቹ በቀር ሁሉም የሚሠሩት በስንዴ ዱቄት ነው፤ ስንዴ ደግሞ የፎገራ ሜዳ መለያ ምርት አይደለም። የሜዳው መለያ ሩዝ ነው። ሩዙን ተከትለው ጓያና ሽምብራ በቀሪው እርጥበት ይበቅላሉ፤ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል፤ ከጣና ሐይቅ፣ ከጉማራና ከርብ ወንዞች አሳ ይገኛል።

እንደ ቁሐር ሚካኤል ባሉ ሩዝ አምራች ቀበሌዎች የሚኖር ቤተሰብ እንግዲህ ለመጥበሻ የሚሆነውን ነገር ከሱቅ ከመግዛቱ በፊት ወደ ራሱ ጎተራና ጓሮ ቢመለከት ያተርፋል። ዘይት ውድ በሆነበት በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄው “ምን ይጠበሳል?” የሚለው ብቻ አይደለም፤ ዘይቱ ሳይባክን፣ ጤናም ሳይጎዳ እንዴት ይጠበሳል የሚለው ጭምር ነው።

የጋለ ዘይት ምን ይሠራል?

አንድ ምግብ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ በላዩ ላይ ያለው ውሃ ወዲያውኑ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በመጥበሻው ውስጥ የምናየው አረፋም ይኸው ከምግቡ የሚወጣ እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ እስከወጣ ድረስ ዘይቱ በብዛት ወደ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ላዩ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ወርቃማ መልክ ይይዛል፤ ውስጡ ደግሞ በራሱ እርጥበት ይበስላል።

ለዚህ ተስማሚው ሙቀት ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። መለኪያ በሌለበት ቤት ትንሽ የሊጥ ቁራጭ ጣል አድርጎ መሞከር ይበቃል። ቁራጩ ከታች ተቀምጦ ከቀረ ዘይቱ ገና ነው፤ ወዲያው ተነስቶ በዙሪያው አረፋ ከሠራ ደርሷል፤ በቅጽበት ከጠቆረ ወይም ዘይቱ ከጨሰ እሳቱ በዝቷል። ባልጋለ ዘይት የተጠበሰ ምግብ ዘይት ይጠጣል፤ ለሆድ ይከብዳል፤ ዘይቱንም ይጨርሳል። ብዙ ቁራጭ በአንድ ጊዜ መጨመርም ዘይቱን ስለሚያቀዘቅዘው ውጤቱ ያው ነው። ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መጥበስ ጊዜ የሚወስድ ቢመስልም ዘይት የሚቆጥበው መንገድ እርሱ ነው።

የሽምብራ አሳ፦ ከውሃ ያልወጣው አሳ

ከአገራችን የጾም ምግቦች መካከል በዘይት ተጠብሶ የሚዘጋጅ፣ ይሁንና ዛሬ በብዙ ቤት እየተዘነጋ የመጣ አንድ ምግብ አለ፤ የሽምብራ አሳ። ስሙ አሳ ይሁን እንጂ አሳ የለበትም። የሽምብራ ዱቄት ተለውሶ፣ በአሳ ቅርጽ ተቆርጦ፣ በዘይት ተጠብሶ ወጥ ውስጥ የሚገባ ነው። በፎገራ የሽምብራ ምርት የሚሰበሰብበት ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚቀራረብ ምግቡ ለአካባቢው ወቅቱን የጠበቀ ነው። ከሽምብራ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን መሆኑም የጾም ገበታን ያጠናክራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለ2 ብርጭቆ በደንብ የተነፋ የሽምብራ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና ጥቂት ጥቁር አዝሙድ ወይም ኮረሪማ ይጨመራል። ውሃው ቀስ በቀስ እየተጨመረ ጠንከር ያለ ሊጥ እስኪሆን ድረስ ይታሻል። ሊጡ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተዳምጦ በቢላ በአሳ ቅርጽ ይቆረጣል፤ ላዩ ላይ እንደ ቅርፊት የመሰለ መስመር ይሰመርበታል። መስመሩ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያገኝ ሊጡ እንዳይፈነዳ ያደርጋል። ከዚያም ወርቃማ እስኪሆን ተጠብሶ ይወጣል። በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት በተሠራ ቀጠን ያለ ወጥ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲንተከተክ ወጡን መጥጦ ይለሰልሳል። ወጥ ውስጥ ሳይገባ ደረቁን እንደ ቁርስ መብላትም ይቻላል።

ዱቄቱ ሽምብራ ነው ወይስ ጓያ?

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ጥንቃቄ አለ። በፎገራ ሜዳ ጓያ በስፋት ይዘራል፤ ውሃ የቋጠረ መሬትንም ሆነ ድርቅን ይቋቋማል፤ ዋጋውም ከሽምብራ ያንሳል። በዚህም ምክንያት የሽሮ ዱቄት ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። ጓያ ግን በውስጡ የነርቭ ሥርዓትን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ይዟል። ለተከታታይ ሳምንታትና ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድና የማይድን በሽታ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት በደምቢያና በፎገራ አካባቢዎች ይህ በሽታ በስፋት እንደነበረ አሳይቷል።

አልፎ አልፎ በጥቂቱ የቀመሰ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም። ሆኖም የጓያን ጉዳት የሚቀንሰው እህሉን በብዙ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቀቅሎም ውሃውን መድፋት ነው። ዱቄቱን በቀጥታ ለውሶ መጥበስ ይህን ዕድል አይሰጥም። “በእሳት አልፏልና መርዙ ጠፍቷል” የሚለው አስተሳሰብም ትክክል አይደለም።

ስለዚህ ለመጥበሻ የሚሆነውን ሽምብራ በጥሬው ገዝቶ፣ ለቅሞ ማስፈጨት ይመረጣል። የሽምብራ ፍሬ ድቡልቡል ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ ነው፤ ጓያ ደግሞ ጠፍጠፍና ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ በመጥረቢያ የተጠረበ የሚመስል ነው። በፍሬነታቸው በዓይን ይለያሉ፤ ከተፈጩ በኋላ ግን መለየት ያዳግታል።

ሩዝን መጥበስ

በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጭምር በተሳተፉበት ጥረት በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተጀመረው የሩዝ ልማት ዛሬ የፎገራን ገጽታ ለውጦታል። ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ለጠላና ለአረቄም ይውላል። መጥበሻ ላይ ያለው ጥቅም ግን ብዙም አልተሞከረም።

የመጀመሪያው ጥቅም የሩዝ ዱቄት ነው። ሩዝ ስንዴን የሚያለጥጠው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የለውም። በዚህም የተነሳ የሩዝ ዱቄት ሽፋን ከስንዴ ሽፋን ያነሰ ዘይት ይይዛል፤ ሲነከስም ኩርሽም ይላል። የጣና ቀረሶ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ፣ ጨውና ሎሚ ተቀብቶ፣ በጨርቅ ከደረቀ በኋላ በሩዝ ዱቄት ተነስንሶ ቢጠበስ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ሁለተኛው የበሰለ ሩዝ ነው። በጣሊያን የሲሲሊ ደሴት የተቀቀለ ሩዝ በኳስ ቅርጽ ተድቦልቡሎ መጥበስ የቆየ ባህል ነው። በእኛም ቤት ሩዙ ለስለስ ብሎ ተቀቅሎ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በእፍኝ ተድቦልቡሎ፣ በመሐሉ የምስር ክክ ወይም የተጠበሰ ሽንኩርት ገብቶበት፣ በቀጭን የሽምብራ ዱቄት ብጥብጥ ተነክሮ ሊጠበስ ይችላል። በመፈተጊያ ወፍጮ የተሰባበረውና በርካሽ የሚሸጠው ሩዝ ሲበስል ስለሚጣበቅ ለዚህ ይበልጥ ይመቻል።

ጥንቃቄው የቆየ ሩዝን ይመለከታል። በሩዝ ላይ የሚገኝ ባሲለስ ሴሪየስ የተባለ ባክቴሪያ ዘሩ በመፍላት አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ለብ እንዳለ ለሰዓታት ሲቀመጥ ይራባል፤ የሚያመነጨውም መርዝ ተመልሶ ቢጠበስ እንኳ አይጠፋም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሩዙን በትሪ ላይ ዘርግቶ ቶሎ ማቀዝቀዝና ከ2 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መጥበስ ያስፈልጋል። ያደረ ሩዝ ለዚህ አይሆንም።

ከጓሮና ከመሶብ

የመስኖ ሽንኩርት ዋጋው በሚወርድበት ወቅት ቀለበት ቀለበት ተቆርጦ፣ በጨውና በቃሪያ በታሸ የሽምብራ ዱቄት ብጥብጥ ተነክሮ ይጠበሳል። ሕንዳውያን ይህን የመሰለውን ፓኮራ ይሉታል። ጎመንና የዱባ ቁራጭም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ ቅጠሉ ግን ታጥቦ ፈጽሞ መድረቅ አለበት።

የዱባ አበባን መብላት ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው፤ በሜክሲኮና በጣሊያን ግን የተወደደ ምግብ ነው። ዱባ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። የሴቴዋ አበባ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የመሰለ እብጠት ትይዛለች፤ የወንዴው ግን በቀጭን አገዳ ላይ ብቻ ይቆማል። የሚለቀመው ወንዴው ስለሆነ ምርት አይቀንስም፤ ንቦች ለሴቴዋ ብናኝ እንዲያደርሱ ግን የተወሰኑትን መተው ይገባል። ጠዋት ተለቅሞ፣ ውስጡ ነፍሳት አለመኖሩ ታይቶ፣ በቀጭን የሩዝ ዱቄት ብጥብጥ ተነክሮ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ቢጠበስ ይበቃዋል። ተባይ ማጥፊያ ከተረጨበት ማሳ የተለቀመ አበባ ግን ፈጽሞ ሊበላ አይገባም።

የደረቀ እንጀራም ለመጥበሻ ይሆናል። ድርቆሽ በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ በሰከንዶች ውስጥ ይጠበሳል፤ ጨውና ሚጥሚጣ ሲነሰነስበት ከቡና ጋር የሚቀርብ ጥሩ ቁርስ ነው።

ዘይቱን መምረጥና ማቆየት

የአገራችን የኑግ ዘይት ለወጥ ተወዳጅ ነው። ከቅባቱ 70 በመቶ ያህሉ ግን ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው በቀላሉ ከአየር ጋር ተዋህዶ የሚበላሽ ዓይነት በመሆኑ ደጋግሞ ለመጥበስ አይመችም። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ሙቀትን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ግማሽ ያህሉ በብዛት ሲወሰድ ለልብ የማይበጅ የረጋ ቅባት ነው። በየትኛውም ዘይት ቢሆን የተጠበሰ ምግብ የዕለት ተዕለት ሊሆን አይገባም።

ተጠብሶበት የተረፈ ዘይት ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ተጠልሎ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ተከድኖ ቢቀመጥ ሌላ ጊዜ ያገለግላል። ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ ወይም ቶሎ መጨስ ከጀመረ ግን መጣል አለበት። በአዲስ ዘይት ላይ አሮጌውን መቀላቀል አዲሱንም ያበላሻል።

እሳትና ሕፃናት

ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 እጥፍ ያህል ይሰፋል። የጋለ ዘይት ላይ የወደቀ ጥቂት ውሃ ዘይቱን አፈናጥሮ ሰው የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ያልተበሳ ቃሪያና ልጣጩ ያልተነሳ እንቁላልም በዘይት ውስጥ ይፈነዳሉ። መጥበሻው ከግማሽ በላይ በዘይት መሞላት የለበትም፤ በጉልቻ ላይ ሲጣድም እንደማይንቀሳቀስ መረጋገጥ አለበት። ሕፃናት ከአካባቢው መራቅ ይኖርባቸዋል።

ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ መድፋት እሳቱን ያባብሰዋል። የሚነደውን እንጨት መጎተት ወይም ምድጃውን ማጥፋት፣ መጥበሻውንም ሳያነሱ በብረት ክዳን መክደን ነው መፍትሔው። የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ላይ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ሊቀባ አይገባም። ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሱ ማቀዝቀዝ፣ ቃጠሎው ሰፊ ወይም ጥልቅ ከሆነ ደግሞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

አዲስ ምግብ መሞከር የሚፈልግ ቤተሰብ በትንሽ መጠን ቢጀምር ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ተለቅሞ የተፈጨ ሽምብራ፣ በደንብ የጋለ ንጹሕ ዘይትና ደረቅ እጅ ለመጀመሪያው የሽምብራ አሳ በቂ ናቸው።