ሰንጢና ነባር ቅርጾቹ፦ በአነስተኛ ገንዘብ የሚሰበሰብ የሥራ ታሪክ

ሰንጢ ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባና በኪስ የሚያዝ ትንሽ ቢላዋ ነው። ከወጥ ቤት ቢላዋም ሆነ ከጩቤ የሚለየው ሌላ ሰገባ የማያስፈልገው በመሆኑ ነው፤ ሲከፈት መያዣ የነበረው እጀታ ሲታጠፍ የስለቱ ማደሪያ ይሆናልና። ነባር ቅርጽ ያላቸው ሰንጢዎች የሚባሉት ደግሞ አርሶ አደሩ፣ እረኛው፣ አናጢውና ተማሪው ለብዙ ትውልድ ሲገለገሉባቸው የኖሩ፣ አሠራራቸው በመሠረቱ ሳይለወጥ ዛሬም ከፋብሪካና ከእጅ ባለሙያ የሚወጡ ዓይነቶች ናቸው። አብዛኞቹ ርካሽ በመሆናቸውና በአንዲት ትንሽ ሣጥን ሊከማቹ ስለሚችሉ፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው እንኳ ሊሰበስባቸው ይችላል። የስብስቡ ክብርም የሚመነጨው እያንዳንዱ ስለት የማን ሥራ እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራና ምን ይቆረጥበት እንደነበር ከማወቅ ነው።

የሰንጢ ነባር አሠራሮች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያውና ጥንታዊው፣ በሮማውያን ዘመን ጭምር የታወቀው፣ ስለቱና እጀታው በአንዲት ችንካር ብቻ የተያያዙበት ሲሆን፣ ስለቱን በቦታው የሚያቆመው የችንካሩ ጥብቀትና የተጠቃሚው እጅ ጭነት ነው። ሁለተኛው ሞላ ያለው ነው፤ በእጀታው ጀርባ የተቀበረው ጠንካራ ሞላ የስለቱን ግርጌ እየተጫነ፣ ሲከፈትም ሲዘጋም ባለበት እንዲረጋ ያደርገዋል እንጂ አይቆልፈውም። ሦስተኛው መቆለፊያ ያለው ሲሆን፣ ስለቱ ከተከፈተ በኋላ ቀለበት ዞሮ ወይም ሌላ መቀርቀሪያ ገብቶ በሥራ መካከል በጣት ላይ እንዳይታጠፍ ይከለክለዋል።

በዓለም ገበያ የታወቁት ርካሽ ሰንጢዎች ታሪክ የድሃ ተጠቃሚዎች ታሪክ ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል በፈረንሳይ ሳቯ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1890 የሠራው ሰንጢ ከእንጨት እጀታ፣ ከስለት፣ ከችንካርና ችንካሩን ከሚያቅፍ የብረት ቀለበት ብቻ የተዋቀረ ነበር፤ ስለቱን የሚቆልፈው ተሽከርካሪ ቀለበት የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ ከመጠኖቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ቁጥር 8 የስለቱ ርዝመት 8.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚያው አገር ቲዬር በተባለችው የቢላዋ ሠሪዎች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1929 የተፈጠረው ዱክ ዱክ እጀታው ከታጠፈ ቆርቆሮ የተሠራ በመሆኑ ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ኦካፒ የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ በጀርመን አገር ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ገበያ ታስቦ የተመረተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ምርቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛውሯል፤ በእንጨት እጀታው ላይ በብረት የተለበዱት ጨረቃና ከዋክብት ዛሬም መለያው ናቸው። በጃፓን ሚኪ ከተማ የሚሠራው ሂጎኖካሚም እጀታው ከአንድ ቆርቆሮ የታጠፈ፣ ስለቱ በአውራ ጣት በምትገፋ ትንሽ ምላስ የሚከፈት ሲሆን፣ በአንድ ወቅት ተማሪዎች እርሳስ ለመቅረጽ በብዛት ይይዙት ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የስለት ባህሉ ሰፊ ቢሆንም፣ ትኩረት ያገኙት በአብዛኛው የክብርና የጦር መሣሪያዎች ናቸው። ሾተል፣ ጎራዴና የአፋሮች ጊሌ በሙዚየምም ሆነ በመጻሕፍት ውስጥ ቦታ አግኝተዋል፤ ከእነዚህም መካከል ብዙ የጎራዴ ስለቶች ጀርመን ውስጥ ካለችው ከዞሊንገን የመጡ ነበሩ። በአንጻሩ ለሥራ ብቻ የሚውለው ማጭድ፣ ካራና ሰንጢ እስኪያልቅ ተስሎ ይጣላል እንጂ እንደ ታሪክ ዕቃ አይታይም። ሠሪውም የደረሰበት ዕጣ ከዚህ የከፋ ነበር፤ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ቀጥቃጭ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል፣ ዳግማዊ ምኒልክም የእጅ ባለሙያዎችን መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ተራውን ስለት ከሠሪው ሙያ ጋር መዝግቦ ማቆየት ለተናቀ ሙያ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ካማሺ ለዚህ ሥራ የተመቸ አካባቢ ነው። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዞኖች አንዱ የሆነው ይህ ቆላማ ምድር ከዓባይ በስተደቡብ የሚገኝ ሲሆን፣ ጉሙዞች ከሌሎች ሕዝቦች ጋር ይኖሩበታል፤ ማሽላና ዳጉሳ በእጅ መቆፈሪያ ማልማት፣ ማር መቁረጥ፣ ወርቅ ማጠብና በቀስት ማደን የቆየ የኑሮ መሠረት ነው። ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ ስለት ይፈልጋሉ። በተለይ በክልሉ በስፋት የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ፣ ከደጋው ዓይነት በተለየ ግንዱ ውስጡ ድፍን በመሆኑ፣ ለጎተራ፣ ለአጥርና ለቅርጫት ሲሰነጠቅና ሲላግ የስለቱን ጥንካሬ ይፈትናል። ለስላሳ ብረት ቀርከሃው አንጓ ላይ ሲደርስ ጠርዙ ይተኛል፤ ከመጠን በላይ የጠነከረው ደግሞ ይሸረፋል።

ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ የቀጥቃጩ ሥራ ያስረዳል። በኢትዮጵያ ገበያዎች በእጅ የሚሠሩ ስለቶች በአብዛኛው ከአሮጌ ብረት የሚወጡ ሲሆኑ፣ ለግንባታ የሚውለው ተራ ፌሮ በውስጡ ያለው ካርቦን አነስተኛ በመሆኑ እንደሚፈለገው አይጠነክርም፤ የመኪና ባሌስትራ ግን ለሞላነት የተሠራ ብረት ስለሆነ ጥሩ ስለት ይወጣዋል። ቀጥቃጩ ባሌስትራውን ወናፍ በሚነፋው የከሰል ፍም አቅልቶ በመዶሻ ያሳሳዋል፤ ቅርጹን ካስያዘ በኋላ እንደገና አቅልቶ ዘይት ወይም ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ በዚህ ጊዜ ብረቱ ይጠነክራል፤ እንደ መስታወት ተሰባሪ እንዳይሆን ደግሞ በመጠኑ መልሶ ያሞቀዋል። በዚህ ጊዜ የተወለወለው የብረቱ ገጽ መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ኋላም ሰማያዊ ይሆናል፤ ባለሙያው የሙቀቱን ልክ የሚያውቀው ቀለሙን በማየት ሲሆን፣ ዓይኑ ከተታለለ የቀኑ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሰብሳቢ ያገለገለ ሰንጢ ሲገዛ ሊመረምራቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። ስለቱ ተከፍቶ ወደ ጎን ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ ችንካሩ ላልቷል፤ ሲዘጋ ሞላው ጥርት ያለ ድምፅ አሰምቶ ካልሳበው ደክሟል ወይም ቆሻሻ ይዞታል። ከብዙ መሳል የተነሣ የጠበበ ስለት ግን የግድ እንከን አይደለም፤ ሙሉ ዕድሜውን እንዳገለገለ ስለሚመሰክር ከአዲሱ ጎን ቢቀመጥ ብዙ ያስተምራል። የጠቆረ ስለትም እንደ ዛገ መቆጠር የለበትም። ዝገት የማይዘው ብረት ያልሆነ ስለት ማንጎ ወይም ሎሚ ሲቆረጥበት ከፍሬው አሲድ የተነሣ ግራጫና ሰማያዊ ጥላ ያበጃል፤ ይህ ስስ ሽፋን ብረቱን ከሚበላው ቀይ ዝገት በመጠኑ ስለሚጠብቀው በአሸዋ ወረቀት መፋቅ የለበትም። ጥበቃውም ቀላል ነው፤ ከሥራ በኋላ ማድረቅ፣ በማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ማድረግና እርጥበት በሚይዝ ቆዳ ውስጥ አለማስቀመጥ ይበቃል። ቆላው የክረምት እርጥበት ያለበት በመሆኑ ይህ የመጨረሻው ምክር በካማሺ በተለይ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ከጥበቃው ይልቅ የሚዘነጋው ምዝገባው ነው። ሠሪው ወይም ሻጩ፣ የተገኘበት ገበያ፣ ዘመኑ፣ የብረቱና የእጀታው ዓይነት፣ በአካባቢው ቋንቋ የሚጠራበት ስምና የሚውልበት ሥራ በአንዲት ካርድ ላይ ቢጻፉ፣ በጥቂት ብር የተገዛው ስለት ለተመራማሪ የሚጠቅም ሰነድ ይሆናል። ጥንታዊነት ያለው ዕቃ ሲገኝ ግን ሕጉን ማክበር ግዴታ ነው፤ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ እንዲህ ያለው ዕቃም ለሚመለከተው የባህልና ቅርስ መሥሪያ ቤት ሊገለጽ ይገባል።

ምዝገባው ለካማሺ አስቸኳይ የሆነበት ምክንያትም አለ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በዞኑ በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ከመኖሪያው ተፈናቅሏል፤ ነፍሱን ለማዳን የሚሸሽ ቤተሰብ ደግሞ የአባቱን መቆፈሪያና የእናቱን ቢላዋ ይዞ ለመውጣት አይችልም። ስለት በግጭት ጊዜ በመሣሪያነቱ ብቻ ሲታወስ፣ ቀርከሃ የሰነጠቀበት፣ ማር የቆረጠበትና ማሽላ ያጨደበት ረጅሙ ታሪኩ ይሸፈናል። ስለዚህ ሰብሳቢው ከሩቅ አገር ስመ ጥር ፋብሪካዎች ከመጀመሩ በፊት በቅርቡ ካለው ገበያ፣ ስሙ በየትም ካልተጻፈው ቀጥቃጭ እጅ ቢጀምር ይመረጣል፤ ኦፒኔልና ኦካፒ ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው አላጡም፣ የካማሺ ስለት ግን የሚመዘግበው በአቅራቢያው ያለ ሰው ብቻ ነው።