ባለ 7 ኪሎው ቲኬት

ጊንጪ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። የደንዲ ወረዳ ሰው የአየር ጉዞውን የሚጀምረው አስፋልት ላይ ነው፤ ኦሎንኮሚን፣ አዲስ ዓለምን፣ ሆለታንና ቡራዩን አልፎ አስኮ ይደርሳል፣ ከዚያ አዲስ አበባን አቋርጦ ቦሌ ይገባል። መንገዱ እስከ አዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ለሥራ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቤሩት የምትሄድ ወጣት አለች፤ ልጆቿን ለመጠየቅ ወደ አውሮፓ የምትሄድ እናት አለች። ዛሬ እጃቸው ላይ የሚገባው ቲኬት ርካሽ በሚባሉት አየር መንገዶች የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ድርጅቶች እንዴት እንደሚሠሩ ሳያውቁ ቲኬት መቀበል ደግሞ ቦሌ ሚዛኑ ላይ ያስደነግጣል። ስለዚህ ከእነሱ ጋር መተዋወቅ ያስፈልጋል።

አሠራሩ ጎልቶ የወጣው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው። ሳውዝዌስት የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1971 ዳላስን፣ ሂውስተንንና ሳን አንቶኒዮን እያገናኘ ሥራ ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ገንዘብ አጠረውና ከነበሩት አራት አውሮፕላኖች አንዱን ሸጠ። የበረራ ፕሮግራሙን ግን አልቀነሰም፤ አራቱ ይሠሩት የነበረውን ሦስቱ እንዲሠሩት ወሰነ። ይህ የሚቻለው አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚቆምበት ጊዜ ሲያጥር ብቻ ነው። ተሳፋሪ ወርዶ፣ ሻንጣ ተራግፎ፣ አዲስ ተሳፋሪ ገብቶ እንደገና ለመነሣት 10 ደቂቃ ብቻ ተፈቀደ። አውሮፕላን ገንዘብ የሚያመጣው ሲበር ነው፤ ቆሞ ከዋለ ወጪ ብቻ ነው። ርካሽ አየር መንገድ የሚባለው ሁሉ መሠረቱ ይህ ስሌት ነው።

ሌላው ብልሃት አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ መያዝ ነው። ሳውዝዌስት ቦይንግ 737ን ይዞ ዘለቀ፤ የአየርላንዱ ራያንኤርና የዱባዩ ፍላይዱባይም ይህንኑ አውሮፕላን መረጡ። አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት ሲሆን አብራሪውም ቴክኒሻኑም የሚሠለጥኑት በአንድ ዓይነት ነው፤ መለዋወጫውም እንዲሁ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያለ ብዙ ማስተካከያ ይተካዋል። ቀጥሎ ወንበር ይጨመራል። ቢዝነስ ክላስ ያለው አየር መንገድ ቦይንግ 737-800 ላይ 160 ገደማ ሰው ሲያሳፍር፣ ራያንኤር በዚያው አውሮፕላን 189 ሰው ይጭናል። የነዳጁ፣ የአብራሪውና የማረፊያው ወጪ ለተጨማሪ ሰዎች ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ይወርዳል። የጉልበት ቦታ መጥበቡን ተሳፋሪው ይችለዋል፤ ዱባይ ድረስ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ያልፋል።

ወደ እኛ አካባቢ ይህ አሠራር የመጣው በባሕረ ሰላጤው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤር አራቢያ ሻርጃ ላይ ተመሠረተ፤ ፍላይዱባይ እ.ኤ.አ. በ2009 መብረር ጀመረና በኋላ ቦሌን ከመዳረሻዎቹ አንዱ አደረገ። ደሃው ሠራተኛ በብዛት የሚመላለስበት መስመር ላይ ርካሽ በረራ መግባቱ ተገቢ ነው፤ ጥቅሙም እውነተኛ ነው። በአንድ መስመር ላይ አንድ አየር መንገድ ብቻ ሲበር ዋጋውን የሚወስነው እሱው ነው። ሁለተኛው ሲገባ ግን የሁለቱም ዋጋ ይለዝባል፣ በርካሹ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይጠቀማል። በተለይ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር የተተመነ ቲኬት በብር ሲሰላ እጅግ ስለናረ፣ በዚህ ውድድር የሚገኘው ቅናሽ ቀላል አይደለም።

ስለ ደህንነት ሥጋት ያለው ሰው ብዙ ነው። በቲኬቱ ርካሽነት ብቻ አውሮፕላኑ ያረጀ ወይም ጥገናው የተጓደለ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የአቪዬሽን ሕግ ርካሽና ውድ ብሎ አይለይም፤ ምርመራውና የአብራሪ ፈቃዱ አንድ ነው። እንዲያውም አዲስ አውሮፕላን ነዳጅ ስለሚቆጥብ ብዙዎቹ አዳዲሱን ይመርጣሉ። ቅናሹ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

ያ ሌላ ቦታ ሻንጣው ነው። ሙሉ አገልግሎት የሚሰጥ አየር መንገድ ወንበሩን፣ ሻንጣውን፣ ምግቡንና ትራንዚቱን በአንድ ዋጋ ያስከፍላል። ርካሹ ወንበሩን ብቻ ይሸጥና ሌላውን አንድ በአንድ ነጥሎ ይተምናል። ውኃና ሳንድዊች ይሸጣል፣ ወንበር መምረጥ ይከፈልበታል፣ የበረራ ቀን መቀየር ይከፈልበታል። በዝቅተኛው ዋጋ የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ በብዙዎቹ 7 ኪሎ፣ በአንዳንዶቹ 10 ኪሎ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን በብዙ ዓለም አቀፍ መስመሮቹ ላይ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅዳል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ጊንጪ ቤት እንግባ። ልጇ ውጭ አገር ያለች እናት ለጉዞ ስትዘጋጅ የምታሰናዳው ልብስ አይደለም። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ተደልዞ ተፈጭቷል። ሽሮው በድርብ ፌስታል ታስሯል። የደንዲ ደጋ ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ጭኮ ሆኗል። ጎረቤት ለራሱ ልጅ የሚላክ ድርቆሽ ይዞ ይመጣል፣ «ትንሽ ነው፣ አይከብድም» ይላል። ሻንጣው ወፍጮ ቤት ተወስዶ እህል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ይቀመጣል። 5 ኪሎ ሽሮ፣ 3 ኪሎ በርበሬና 2 ኪሎ ጭኮ ብቻ 10 ኪሎ ሞልተዋል፤ ባዶው ሻንጣ ራሱ ሁለት ሦስት ኪሎ ይመዝናል። ሰባት ኪሎ የተፈቀደለት ቲኬት እዚህ ቤት ውስጥ ምንም አይሠራም።

ርካሹ አየር መንገድ የተቀረጸው ላፕቶፕና ሁለት ሸሚዝ ይዞ ለሁለት ቀን ደርሶ ለሚመለስ ሰው ነው። የእኛ ሰው በዓመታት አንዴ ይጓዛል፣ የሚጓዘውም የቤተሰብ አደራ ተሸክሞ ነው። ሲመለስ ደግሞ ይብሳል፤ ሦስት ዓመት ሠርታ ከሪያድ የምትመጣ ልጅ ብርድ ልብሱን፣ የታናናሾቿን ጫማ፣ የእናቷን ነጠላ ጫማና የወጥ ቤት ዕቃ ይዛ ነው የምትመጣው። ስለዚህ በገንዘብ ረገድ ርካሽ በረራ በጣም ያስፈልገዋል የሚባለው ሰው፣ በሻንጣ ረገድ ርካሽ በረራ በጣም የማይስማማው ሰው ነው። ይህን ተቃርኖ ቲኬት ቢሮ ውስጥ አስልቶ የሚነግር ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ትርፍ ኪሎ አስቀድሞ ከቲኬቱ ጋር ሲገዛ የሚቻል ዋጋ አለው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ሚዛኑ ፊት ቆሞ ሲከፈል ግን ቲኬቱን ራሱን ሊያስንቅ ይችላል። ገንዘቡ የሌለው ሰው የእናቱን ሽሮ እዚያው ጥሎ ይገባል።

ቀጣዩ ወጪ ማረፊያው ነው። አውሮፓ ውስጥ ርካሾቹ የሚያርፉት ክፍያቸው ዝቅተኛ በሆኑ፣ ከከተማ በራቁ ሜዳዎች ላይ ሊሆን ይችላል። ራያንኤር «ፓሪስ» ብሎ የሚሸጠው የቦቬ ማረፊያ ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለዓመታት «ፍራንክፈርት» እያለ ያሳፍርበት የነበረው ሃን ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ሰው በሚገባው ልክ፦ የመጀመሪያው አዲስ አበባ ብሎ ጊንጪ ማውረድ፣ ሁለተኛው አዲስ አበባ ብሎ አምቦ ማውረድ ማለት ነው። አውቶቡስ አለ፣ እሱም ለብቻው ይከፈላል። ልጅ በቲኬቱ ላይ የከተማውን ስም ብቻ አይቶ እናቱን ሊቀበል ዋናው ማረፊያ ቢሄድ፣ እናት በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ቋንቋ መካከል ብቻዋን ትቆማለች።

ከዚህ የሚብስ ግን የትራንዚት ነገር ነው። ብዙዎቹ ርካሾች መንገደኛን ከአንድ ቦታ ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ እንጂ ለቀጣዩ በረራ ኃላፊነት አይወስዱም። ከአዲስ አበባ ዱባይ በአንዱ፣ ከዱባይ አውሮፓ በሌላው ተቆርጦ ሁለት ቲኬት ቢያዝ ጠቅላላው ይቀንስ ይሆናል። የመጀመሪያው ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ገንዘብ አይመልስም፤ የመጀመሪያውም አይጠየቅም። ሻንጣውን አውጥቶ እንደገና ለማስመዘን ወደ ትራንዚቱ አገር መግባት ይጠይቃል፣ ለዚያ ደግሞ ቪዛ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበር ሰውን በተለያየ ቲኬት ማሳፈር ጭካኔ ነው እላለሁ። በአንድ ቲኬት ላይ ያለ ትራንዚት ቢዘገይም የሚያስተካክለው አየር መንገዱ ነው።

እንግዲህ አገራችን ውስጥ ለምን ይህ ዓይነት አየር መንገድ አልተወለደም? ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ጃምቦጄትን አቁማለች፤ የኬንያ አየር መንገድ ራሱ ያቋቋመው ነው። ደቡብ አፍሪካ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው ፍላይሳፌር አላት። በኢትዮጵያ ግን የኢንቨስትመንት ደንቡ ለረጅም ጊዜ ለግል ባለሀብት የፈቀደው እስከ 50 መቀመጫ ባለው አውሮፕላን የሚሰጥ የአየር ትራንስፖርት ነበር። ከዚያ በላይ ያለው የመንግሥት ድርሻ ሆኖ ቆየ። ርካሽ በረራ በብዙ ወንበር ወጪን ከማካፈል የሚገኝ በመሆኑ፣ በ50 ወንበር አይታሰብም። የግሎቹ ስለዚህ በቻርተር በረራ፣ በሥልጠናና በመሳሰለው ተወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1945 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብቻውን አገሩን ይዞ ቆይቷል። በአፍሪካ ደረጃም የማረፊያ ክፍያና ታክሱ ከፍ ያለ ነው፤ ከቲኬቱ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ታክስ ሲይዝ አየር መንገዱ ምንም ቢቆጥብ ዋጋው ከዚያ በታች አይወርድም። አገሮች ሰማያቸውን እርስ በርስ ለመክፈት እ.ኤ.አ. በ1999 ያሙሱክሮ ላይ ወሰኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ይፋ ሆነ። ሥራው አሁንም ዝግ ያለ ነው። በእኔ እምነት ብሔራዊው አየር መንገድ የኩራታችን ምንጭ መሆኑ፣ ለአገር ውስጥ መንገደኛ ሌላ ምርጫ እንዳይኖረው ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ርካሾቹ ትርፋቸው ቀጭን ስለሆነ የመክሰር አደጋም አለባቸው። የእንግሊዙ ሌከር አየር መንገድ ለንደንን ከኒውዮርክ በርካሽ ማገናኘት በጀመረ በአምስት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ከሰረ። ደቡብ አፍሪካ ዋንታይምን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ማንጎን በ2021፣ ኩሉላን በ2022 አጥታለች። ድርጅቱ ሲዘጋ አስቀድሞ የከፈለ መንገደኛ ገንዘቡን ለማስመለስ ከአበዳሪዎች ጋር ወረፋ ይይዛል። ስለዚህ ቲኬትን ከስድስት ወር በፊት ቆርጦ ማስቀመጥ የሚያስገኘው ቅናሽ ከነአደጋው መታሰብ አለበት።

መንገደኛው መብትም አለው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሞንትሪያል ስምምነት ርካሹንም ውዱንም ያስገድዳል። የተበላሸ ሻንጣ ከሆነ በ7 ቀን ውስጥ፣ የዘገየ ሻንጣ ከሆነ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሣ በረራ በአየር መንገዱ ጥፋት ብዙ ሰዓት ከዘገየ ወይም ከተሰረዘ፣ ቲኬቱ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ ካሳው እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ይደርሳል። የቦርዲንግ ፓሱን ቁራጭና በሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር አለመጣል ለዚህ ይጠቅማል።

በመጨረሻ ለሥራ ወደ ውጭ ለሚሄዱት ልጆቻችንና ለቤተሰቦቻቸው አንድ ቃል። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የመግቢያ ቪዛንና የሥራ ፈቃድን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና የልደት ሰርተፊኬት ያሉትን ነው። «የቲኬት» እያለ ከጊንጪ ገበሬ በሬ የሚያሸጥ ደላላ ሕግ እየጣሰ ነው። አሠሪው ስለሚከፍል ርካሹን ሊመርጥ ይችላል፤ ያም ቢሆን ቲኬቱ ስንት ኪሎ እንደሚፈቅድ፣ የት እንደሚያርፍና ትራንዚቱ በአንድ ቲኬት ላይ መሆኑን ኤጀንሲውን የመጠየቅ መብት አላችሁ። መልሱን በወረቀት ተቀበሉ፤ የቲኬት ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለም ሳትከፍሉ ወደ ወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ።