የባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር የኋላ ጎማ ሲወዛወዝ፦ መንስኤውን መለየትና ማስተካከል

ማዳበሪያ ከማኅበሩ መጋዘን ወደ ማሳ፣ ምርት ከማሳ ወደ ገበያ የሚያመላልሰው ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር በአብዛኛው ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያደርሰው እንደ ተራ ሞተር ሳይክል በሰንሰለት አይደለም፤ በሚሽከረከር ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ከሞተሩ ተነስቶ ዲፈረንሻል ውስጥ ይገባል። ከዲፈረንሻሉ ደግሞ በግራና በቀኝ አንዳንድ የጎማ ዘንግ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የኋላ ጎማ ሲወዛወዝ ብዙ ባለንብረቶች “ዲፈረንሻሉ አልቋል” ተብለው ለትልቅ ወጪ ይዳረጋሉ። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ከአንድ ኩሽኔታ ወይም ከላላ ዳዶ አያልፍም። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የሚወዛወዘው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለዩ።

ችግሩ መኖሩን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ሞተሩ ተጭኖ ሲታጠፍ ኋላው ይዋኛል። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ይበላል። ከኋላ የሚሰማው ጉርምርምታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ይለዋወጣል። ባዶ ሲሄድ ምንም የማይሰማ ችግር አምስት ኩንታል ሲጫን ሊወጣ ስለሚችል “ባዶውን ደህና ነው” ብለው አይተዉት።

ነገሩን አደገኛ የሚያደርገው የአክስሉ አሠራር ነው። የአክስል ዓይነት ሁለት ነው። በአንደኛው የጎማው እንብርት በራሱ ኩሽኔታዎች በአክስሉ ቱቦ ላይ ይቀመጣል፤ የጎማ ዘንጉ ሥራ ማዞር ብቻ ነው። በሁለተኛው ግን ጭነቱን የሚሸከመውም ጎማውን የሚይዘውም ያው ዘንግና ጫፉ ላይ ያለው አንድ ኩሽኔታ ነው። የትኛው እንዳለዎት ለማወቅ የጎማውን መሐል ይመልከቱ፤ ከጎማ ዳዶዎቹ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በትናንሽ ቡሎኖች የታሰረ ክብ ክዳን ካለ በአብዛኛው አንደኛው ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ዘንጉ ቢሰበር ወይም ኩሽኔታው ቢፈርስ ጎማው ከነዘንጉ ተስቦ ሊወጣ ይችላል። ቁልቁለት ላይ፣ በጭነቱ ላይ ሰው ተቀምጦ ይህ ቢሆን ምን እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም። በጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ቀድሞውንም የማይገባ ነው፤ ጎማው እየተወዛወዘ ግን ጨርሶ አያስቡት።

እንዴት ይፈተሻል?

ጭነቱን ያራግፉ፤ ሞተሩን በደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎችን ስለሚይዝ በፍተሻው ጊዜ መለቀቅ አለበት። ስለዚህ የፊት ጎማውንና መሬት የሚቀረውን የኋላ ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያስደግፉ። ክሪኩን ከአክስሉ ቱቦ ሥር፣ ባሌስትራው አጠገብ ያድርጉ። ጎማው ከመሬት ሲነሳ ወፍራም ግንድ ከሥሩ ያስገቡ። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ግን ድንገት ስለሚፈርስ አይጠቀሙ።

ከሁሉ በፊት የጎማ ዳዶዎቹን በቁልፍ ይሞክሩ። የላላ ዳዶ ልክ እንዳለቀ ኩሽኔታ ያወዛውዛል፤ ይህን ሳያዩ መፍታት ድካም ብቻ ነው። ዳዶዎቹ ጥብቅ ከሆኑ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይግፉት፤ ቀጥሎ ከፊትና ከኋላ ይዘው እንዲሁ ያድርጉ። እርስዎ ሲያወዛውዙ ሌላ ሰው ከሥር ሆኖ በሚሽከረከረው የፍሬን ከበሮና በማይሽከረከረው የጀርባ ሳህኑ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከት። ዋናው ፍተሻ ይኸው ነው። ክፍተቱ ሲጠብና ሲሰፋ ከታየ ልልነቱ ከኩሽኔታው ነው። ከበሮውና ሳህኑ አንድ ላይ፣ ከነአክስሉ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ግን ኩሽኔታውን አይንኩ፤ የላላው አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስረው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ቡሎን ወይም የባሌስትራው ዓይን ውስጥ ያለው ቡሽ ነው። ከበሮው ቆሞ ቸርኬው ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ የቸርኬው ቀዳዳዎች ሰፍተዋል።

ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርገው ጎማውን በእጅዎ ያሽከርክሩ፤ ሌላውን እጅዎን ባሌስትራው ላይ ያሳርፉ። ያለቀ ኩሽኔታ ጆሮ ከመስማቱ በፊት እጅ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነው። ማርሽ ገብቶ ሳለ የተነሳውን ጎማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢያዞሩት ትንሽ ሄዶ “ቀጭ” ብሎ ይቆማል። ይህ የጎማ መወዛወዝ አይደለም። በማርሾች ጥርስ መካከል ሊኖር የሚገባ ክፍተት ስለሆነ ጥቂቱ ጤናማ ነው። ከበዛ ግን ረጅሙን ዘንግ በሁለት እጅ ይያዙና ከክሮቼራው ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለት ክፍሎች በተቃራኒ ይጠምዝዙ። አንደኛው ቆሞ ሌላው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያለቀው ክሮቼራው ነው፤ ዋጋውም ከዲፈረንሻል ጋር አይወዳደርም።

ማስተካከል

ዳዶ ከሆነ ችግሩ፣ ሾጣጣ ጎኑን ወደ ቸርኬው አድርገው በዙሪያ ተራ ሳይሆን አንዱን ከአጥብቁ በኋላ ከፊት ለፊቱ ያለውን እያስከተሉ ያጥብቁ። ቀዳዳው ሞላላ የሆነ ቸርኬ ይቀየራል፤ በብየዳ ሞልቶ መብሳት ለጥቂት ሳምንት ቢይዝ ነው።

ኩሽኔታ ከሆነ በመጀመሪያ ዓይነቱን ይለዩ። በሾጣጣ ሮለር የሚሠራው ኩሽኔታ በዳዶ ይስተካከላል። ጎማውን በእጅ እያዞሩ ዳዶውን ያጥብቁ፤ ጎማው መክበድ ሲጀምር ከሩብ ዙር ሳያሳልፉ ወደ ኋላ ይመልሱና መቆለፊያውን በአዲስ ይተኩ። ባለ ኳሱ ኩሽኔታ ግን አይስተካከልም፤ ከላላ መቀየር ብቻ ነው።

ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ፤ ለምሳሌ 6206 ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ሲያባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት ያገኛሉ፤ 6 ጊዜ 5 ማለትም 30 ሚሊ ሜትር። የዚህ ኩሽኔታ የውጭ ስፋት 62፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ነው። 6207 ደግሞ 35፣ 72 እና 17 ነው። ሻጩ “ይሄም ይሆናል” ሲልዎ በማስመሪያ ለክተው መመለስ ይችላሉ።

ሲገጠም መዶሻ ኳሶቹን አልፎ እንዳይመታ ይጠንቀቁ። ኩሽኔታው ወደ እንብርቱ ቀዳዳ የሚገባ ከሆነ የሚመታው የውጭ ቀለበቱ፣ ዘንግ ላይ የሚገባ ከሆነ የውስጥ ቀለበቱ ነው። በተቃራኒው የተመታ አዲስ ኩሽኔታ ከመንገድ ሳይወጣ የተጎዳ ነው። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የዘንጉ ቦታ ተፍቆ ካብለጨለጨና አዲሱ በእጅ ግፊት ብቻ ሰተት ብሎ ከገባ ዘንጉ አልቋል። ዘንጉን በሹል ብረት እየወጉ ማሻከር የተለመደ መላ ቢሆንም በጭነት ሥር አይቆይም፤ ቶርኖ ቤት ይውሰዱት ወይም ዘንጉን ይቀይሩ።

ከኩሽኔታው ጋር የዘይት መከላከያ ጎማውንም ይቀይሩ። የዲፈረንሻል ዘይት በዚያ ሾልኮ የፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ፍሬኑ አይዝም። በጎማው የውስጥ ጎን የሚታይ እርጥብ መስመር የዚህ ምልክት ነው። ዘይት የነካው ሸራ ታጥቦ ስለማይድን ይቀየራል። መከላከያው አዲስ ሆኖ ደጋግሞ የሚያፈስ ከሆነ በአክስሉ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር መተንፈሻ ይመልከቱ፤ ጭቃ ሲደፍናት ዘይቱ ሲሞቅ መውጫ አጥቶ በጎማዎቹ በኩል ይገፋል።

በክረምት ወንዝ የሚያቋርጡ ወይም ሞተሩን ወንዝ ውስጥ የሚያጥቡ ይህን ልብ ይበሉ፤ የሞቀ አክስል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውኃ ይስባል። የዲፈረንሻሉን መሙያ ቡሎን ፈትተው ጣትዎን ሲያስገቡ ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ ሳይውል ሳያድር አፍስሰው በአዲስ የማርሽ ዘይት እስከ ቀዳዳው ከንፈር ይሙሉ።

ከጥገናው በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ዳዶዎቹን ደግመው ያጥብቁ። ፍሬን ብዙ ሳይዙ ከመጡበት ሜዳማ መንገድ ላይ ቆመው የሁለቱንም ጎማዎች እንብርት በእጅዎ ጀርባ ነካ ያድርጉ። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከጋለ ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም በትክክል አልተቀመጠም፤ ጭነት ሳይጭኑ ወደ ጠገነው መካኒክ ይመልሱት።